«እንብላ» የተባለው ዋይፋይ

ሰዓዳ መሞቷን የሰማሁት የማዳሜን ብርጭቆዎች እያጠብኩ ነው። ስልኬ መደርደሪያው ላይ ሲንቀጠቀጥ እጄን በሽርጤ ጠረግሁና ከፈትኩት። በጅቡቲ በኩል ባሕር ስትሻገር ጀልባዋ ተገልብጣ ነው አሉ፤ አስከሬኗም አልተገኘም። ወዲያው እዚህ የምንሠራ የሐበሻ ሴቶች የስልክ ግሩፕ በልቅሶ ተሞላ። አንዷ በድምፅ «ደጓ እህቴ፣ ምነው ሳትሰናበቺኝ!» እያለች ታለቅሳለች። ሌላዋ የተሰነጠቀ ልብ ደርድራ ትልካለች። ትዕግሥት ደግሞ የሰዓዳን ፎቶ በአበባ ከብባ «ጀነት ያውርስሽ» ብላ ጽፋበታለች።

እኔ እንባ አልመጣልኝም። ንዴት ነው የመጣብኝ። ስልኩን ከነልቅሷቸው እቃ ማጠቢያው ውስጥ ብነክረው ደስ ባለኝ። የሰው አፍ እንዲህ ዛሬ የሚከፈት ከሆነ ያኔ ምን ዘጋው? ሁለት ዓመት ከምናምን በፊት፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ስታስፈልጋት የት ነበርን? «ነበርን» ያልኩት እኔንም ጨምሬ ነው፤ የኔን ጉድ አልደብቅም።

ሰዓዳ የወሎ ልጅ ናት፣ ከኮምቦልቻ አለፍ ብሎ ካለ መንደር። ከኔ ስድስት ዓመት ትበልጣለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትራመድ ሰው የሚጠብቃት የሚመስላት ሴት ነበረች። እዚህ ኩዌት፣ ሙባረክ አል-ከቢር ውስጥ የሷ ማዳምና የኔ ማዳም እህትማማቾች ናቸው፤ ቤቶቻቸው ግድግዳ ይጋራሉ። እሷም እኔም የምናድረው ጣራ ላይ በተሠራች ክፍል ነው፤ ሰጥህ ይሉታል እዚህ ጣራውን። በሁለቱ ጣራዎች መካከል እስከ ደረት የምትደርስ አጥር አለች። ልብስ ስናሰጣ በሷ ላይ ተደግፈን ነው የምናወራው። ጓደኝነታችን ያ አጥር ነው።

ያኔ ችግራችን ኔትወርክ ነበር። የኩዌት ቤት ግድግዳ ብረትና ሲሚንቶ ነው፤ ከታች ያለው ዋይፋይ ደረጃውን ወጥቶ ጣራ አይደርስም። ቤተሰብ ለማየት ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን፣ ስልኩን በበሩ ስንጥቅ አስጠግተን፣ የየእናታችንን ፊት ግማሹ ደርቆ ግማሹ ሲንቀሳቀስ እናያለን። ማዳም ካለፈች «ሥራ የለሽም?» ነው። እኔ እናቴ ዓይኗን ስትታመም ያየሁት በዚያ ስንጥቅ ነው፤ ምን እንዳለችኝ እንኳ በቅጡ አልሰማሁም።

አሁን ስለ አዙዝ ልንገራችሁ፣ ጨጓራዬ ቢነድም። አዙዝ የሰዓዳ ማዳም ታላቅ ልጅ ነው። ስሙ ዐብዱልዐዚዝ፣ ቤተሰቡ አዙዝ የሚለው፣ ሠላሳ ሊሞላው ትንሽ የቀረው፣ ካልሲውን ሰው የሚያነሳለት ወንድ። ሥራው የጌምና የኢንተርኔት ዕቃ እየገዛ መሞከር ነው፤ ማለቴ ሥራ አለው ይባላል፣ ግን ሲሄድ አላየንም። ጆይስቲክ ይገዛል፣ ማዳመጫ ይገዛል፣ ስምንት አንቴና የተተከለበት ራውተር ይገዛል፤ ስለ ዕቃው ቪዲዮ ሠርቶ ይለቅቃል፤ በሳምንቱ ይሰለቸውና ካርቶኑን ከነዕቃው ዲዋንያው በር ላይ ያስቀምጠዋል። ዲዋንያ ማለት ወንዶቹ እንግዳ የሚቀበሉበት ሳሎን ነው። ያንን የምታጸዳው ሰዓዳ ናት።

ሌላ ሴት ብትሆን ካርቶኑን ጠፍጥፋ ቆሻሻ ውስጥ ትጥለው ነበር። ሰዓዳ ግን «ይሄ ምን ያደርጋል?» የሚባል በሽታ ነበረባት። አዲስ ዕቃ ስታገኝ መጀመሪያ ታሸተዋለች፣ ወላሂ፣ እንደ ቅቤ ታሸተዋለች። «የተቃጠለ ከሆነ ያስታውቃል» ትለኛለች። ከዚያ ገልብጣ ሥሩን ታያለች፣ ቀዳዳዎቹን ትቆጥራለች፣ በካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል ታጠናለች። እንግሊዝኛዋ አሥረኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ቢሆንም ያልገባትን ቃል በስልኳ ፎቶ አንስታ ታስተረጉማለች። «ዕቃ አይዋሽም ብርቄ፣ ካርቶኑ ነው የሚዋሽ» ትል ነበር። ብርቱካንን አሳጥራ ብርቄ ነው የምትለኝ፤ ይህንን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት የማዳሟ ቤት መጥረጊያ ማሽን ያለማቋረጥ ይጮሃል። አንድ ሰዓት ሙሉ። ኧረ ይቺ ልጅ ምንጣፉን ልትጨርሰው ነው ብዬ የላክሁትን ሰሃን ለመቀበል በኋላ በር ገባሁ። ምን አየሁ መሰላችሁ? ማሽኑ መሃል ወለል ላይ ብቻውን ይጮሃል፣ ሰዓዳ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ፣ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ በአዙዝ ጆይስቲክ ኳስ ትጫወታለች!

«በስመ አብ! ማዳም ብትመጣስ?»

«ማሽኑን እየሰማች እኮ ነው፣ ሰዓዳ ታጸዳለች ብላ ተኝታለች። ዝም በይና ነይ እዪ፣ ይቺ የግራዋ እንጨት ሳልነካት ተጫዋቹን ታስሮጠዋለች። ዕቃው ነው የተበላሸው፤ እሱ ግን ትናንት ሲሸነፍ ጓደኛውን ሲሰድብ ነበር።»

በኋላ ለአዙዝ ነገረችው። አላመነም፤ ሞከረው፤ እውነት ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞካሪው እሷ ሆነች። እሱ ይገዛል፣ እሷ ትሞክራለች፣ እሱ ቪዲዮ ይሠራል።

የራውተር አሞካከሯን ብታዩ! ስልኳን ደረቷ ኪስ ውስጥ አድርጋ፣ ለኔ በቪዲዮ ደውላ፣ ከምድር ቤት ጀምራ ደረጃውን አንድ በአንድ ትወጣለች። እኔ በኔ በኩል ልብስ እያጠፍኩ «ጥሩ… ጥሩ… ተቆራረጠ… ደረቀ» እላለሁ። እሷ ከሽርጧ የልብስ መቆንጠጫ ታወጣለች። ጥሩ የሆነበት የደረጃ ድጋፍ ላይ አረንጓዴ፣ የሚቆራረጥበት ላይ ቢጫ፣ የሞተበት ላይ ቀይ ትሰካለች። ከዚያ ራውተሩን ታዞራለች፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ታወጣዋለች፣ እንደገና ትወጣለች። ቀዩ መቆንጠጫ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ከሄደላት ደስታዋን አትችለውም። ማዳሟ ደግሞ «ይቺ ሴት መቆንጠጫ የትም ትረሳለች፣ ጤንነቷ ይታይ» ብላ ለእህቷ ለኔ ማዳም ስትናገር ሰምቼ በሳቅ ሞትኩ።

አዙዝ ያንን በቪዲዮው ምን ብሎ እንዳቀረበው ታውቃላችሁ? «ሦስት ፎቅ፣ ደረጃ በደረጃ፣ እኔ ራሴ በፈጠርኩት የቀለም ዘዴ ፈትሼዋለሁ!» እኔ ራሴ በፈጠርኩት! መቆንጠጫ በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው! እሷ ከታች በስልኳ አውርዳ አምጥታው አጥሩ ላይ ሆነን ስናየው ደሜ ፈላ።

«ሌባ! ሂጂና ንገሪው፣ ስምሽን ይጥራ!»

ሰዓዳ አልሰማችኝም። ስክሪኑን በጣቷ አስቁማ «እዪ እዪ እዪ! እጄ!» ትላለች። እውነትም ጥግ ላይ፣ ለአንድ ቅጽበት፣ ቢጫ ጓንት የለበሰ እጅ ቀይ መቆንጠጫ ሲሰካ ይታያል። ያንን ፎቶ አድርጋ በኋላ ለእናቷ ላከችላት። «ስሜን ምን ያደርግልኛል አቦ፣ ሥራው ትክክል ነው ወይ በይኝ» አለችኝ። እኔ እንዲህ ዓይነት ልብ አልሰጠኝም። አሁንም ያንን ቪዲዮ ሳስበው ጥርሴን አፋጫለሁ።

ከዚያ ነው ያ ነገር የመጣው። አንድ ጠዋት ልብስ እያሰጣሁ ነው። አዙዝ ሲጋራውን ከእናቱ ተደብቆ ሊያጨስ ጣራ ይወጣል። ሰዓዳ ሁለት ያረጁ የሲግናል ማስፋፊያዎችና አንድ ራውተር ይዛ «እነዚህን ልጥላቸው ወይስ እዚህ ላይ ልሞክራቸው? የኛ ክፍል አይደርሰውም» አለችው። እሱ ወደሷም ሳያይ «ውሰጂያቸው፣ ያንቺ ናቸው፣ እንደፈለግሽ አድርጊ» አላት። እኔ ከአጥሩ ወዲህ፣ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ አንሶላ በእጄ ይዤ ነበር። ቃል በቃል ሰምቻለሁ። ይህንን ልብ በሉልኝ።

እሷ ምን አደረገች? መጀመሪያ ያቆመችው ማስፋፊያ በሰኔ ፀሐይ ቀለጠ። ሁለተኛው አቧራ ጠጥቶ ሞተ። ለሦስተኛው፣ ለራውተሩ፣ በጁምዓ ዕረፍታችን ፋሐሂል ገበያ ሄደን፣ ሰው ልብስ ሲገዛ እሷ ከዓሣ ሻጮቹ ነጭ የፎም ሳጥን ለምና፣ አውቶቡስ ውስጥ በዓሣው ሽታ ሰው ሁሉ እየገላመጠን ይዘን መጣን። ሦስቴ በሳሙና አጥባ፣ ጎኑን በቢላ በስታ፣ ዕቃውን ውስጡ አድርጋ የውኃ ታንከሩ ጥላ ሥር አስቀመጠችው። ሠራ። ክፍሌ ውስጥ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የእናቴን ፊት ሙሉውን አየሁት። ዓይኗ ላይ የወጣውን ነጭ ነገር ያየሁት ያን ቀን ነው፤ በሳምንቱ አጎቴ ሐኪም ቤት ወሰዳት። እናቴ ዛሬ የምታይበት ዓይን የሰዓዳ ሥራ ነው።

ዋይፋዩን በአማርኛ «እንብላ» ብላ ሰየመችው።

«ይሄ ምን ስም ነው?» አልኳት።

«ምግብ እየበላሽ ሰው ቢመጣ ምን ትያለሽ? እንብላ አይደል? ብቻዬን እየበላሁ ልደበቅ?»

የሚስጥር ቁጥሩንም ለጠየቃት ሁሉ ሰጠች። ከኋላችን ቤት ለምትሠራው ለትዕግሥት፣ ፊት ለፊት ላለችው ለፋጡማ። እነሱ ደግሞ ለጎረቤታቸው። «አንቺ፣ ሰው በዛ፣ ቁጥሩን ቀይሪው» ብዬ ለመንኳት። «እንብላ ብዬ ጠርቼ ሳህኑን ላንሳ? ነውር እኮ ነው!» አለችኝ። ደግሞ ሞኝ አልነበረችም። የአዙዝ ጌም እንዳይደናቀፍ ለኛ ጥቂት ብቻ እንዲደርሰን አድርጋ አስተካክላው ነበር፤ እሱ ሙሉውን ይጠቀማል፣ እኛ ፍርፋሪውን። ስምንት ወር ሙሉ ማንም ምንም አላወቀም።

ታዲያ የአረፋ ዕለት ከሰዓት ያንን ገደብ አነሳችው። «ለበዓል እንኳ ሰው በደንብ ይተያይ፤ ለአንድ ቀን ነው» አለች። እንደሷ ዓይነት ሰው ብቻ የሚሳሳተው ስሕተት። በአካባቢው ያለችው ሐበሻ ሁሉ፣ እስላሟም ክርስቲያኗም፣ ጣራ ጣራው ላይ ወጥታ ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከጎጃም ጋር ሥጋ ታሳያለች፣ ልጅ ትስማለች። ከታች ዲዋንያው ውስጥ አዙዝ ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ ሕዝብ በቀጥታ እያየው ይወዳደራል። ተጫዋቹ ኳሱን ሊመታ እግሩን እንዳነሳ ደርቆ ቀረ። ተሸነፈ። የራውተሩን ዝርዝር በስልኩ ከፍቶ ቢያይ ከሠላሳ በላይ ስልክ ተሰልፏል። አንዱ ጓደኛው «አዙዝ፣ ቤትህን ሐበሾች ወርሰውታል!» አለው፤ ሁሉም ሳቁበት። ይህንን ሻይ ስታቀርብ የነበረችው ራሷ ሰዓዳ ነገረችኝ።

ያ ሳቅ ነው የገደላት። አዙዝ «እኔ ነኝ የሰጠኋት፣ የቤቴንም ኔትወርክ የምትሠራልኝ እሷ ናት» ሊል ነው? ከዚያ ሁሉ ቪዲዮ በኋላ? ለእናቱ «ዕቃውን ሰርቃኝ ነው፤ በሱ አድርጋ የቤቱን ካሜራ ታያለች» አላት። ካሜራ! ሳሎን ውስጥ ፀጉራቸውን ገልጠው የሚቀመጡ ሴቶች ልጆች ያሉበት ቤት! ማዳሟ ጩኸቷ እኛ ቤት ድረስ ተሰማ። ስልኳን ነጠቋት። ሌብነትና ስለላ ከተባለ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ይሰረዛል፣ አሻራዋ ይያዛል፣ ዓረብ አገር የሚባል ሁለተኛ አትረግጥም። አዙዝ ራሱ እንደሰጣት የሚመሰክር ሰው ከተገኘ ግን ነገሩ የልጅ ጥፋት ሆኖ ይቀራል። ማዳሟም ብትሆን ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሰዓዳን «ማስረጃ ካለሽ አምጪ፣ የሚያውቁትን ሴቶች እጠይቃለሁ» ብላት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቆሻሻ ስናወጣ ገንዳው ጋ ተገናኘን፤ እኔ፣ ትዕግሥት፣ ፋጡማ። እዚያ ነው የቤት ሠራተኛ ሁሉ የምትመካከረው። «ሁላችንም እንናገራለን። ሁላችንም ነን የተጠቀምነው፣ ዕቃውን እሱ ነው የሰጣት፣ ብርቱካን በጆሮዋ ሰምታለች» ተባባልን። ትዕግሥት «ማርያምን!» ብላ ማለች። አበባ ለጥፋ ያለቀሰችው ትዕግሥት፣ አዎ እሷው።

ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ሳሎን ጠሩን። ፋጡማን ማዳሟ አልለቅም አለች ተብሎ ቀረች። ትዕግሥት ገባችና «ስለ ዋይፋይ የማውቀው የለም፣ እኔ በካርድ ነው የምጠቀመው» ብላ ወጣች። ከዚያ እኔ። ሁለቱ እህትማማቾች ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፣ አዙዝ መስኮቱ ጋ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። ሰዓዳ የኩሽናው በር ላይ ናት፣ በሩ ክፍት ነው።

የሷ ማዳም «ብርቱካን፣ አንቺ ሁልጊዜ ሰጥህ ላይ ነሽ። ልጄ ነው የሰጣት ወይስ ሰርቃ ነው?» አለችኝ። በደህና ድምፅ ነው የጠየቀችኝ።

የኔ ማዳም አየችኝ። ኢቃማዬ የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነበር። የእናቴ ዓይን ሁለተኛ ጊዜ ሊታይ ነው። አዙዝም ቀና ብሎ አየኝ፤ ፈርቶ ነበር፣ ወላዲት አምላክን፣ ያ ጎረምሳ እኔን ፈርቶ ነበር! አንድ ቃል ብተነፍስ ያበቃለት ነበር።

«ማ አድሪ» አልኩ። አላውቅም።

ሰዓዳ ከኩሽናው በር ላይ ሰማችኝ። ወደ ውስጥ ተመለሰችና ጀምራው የነበረውን ሰሃን ማድረቅ ቀጠለች፤ የሰሃኑ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን የመክተቡ ሰውዬ፣ ያመጣት ኤጀንሲ ተወካይ፣ መጥቶ በአንዲት ቦርሳ ወሰዳት። እኔ ያን ሰዓት ልብስ አሰጣለሁ ብዬ ጣራ ላይ ነበርኩ። ወርጄ ልሰናበታት አልቻልኩም፤ በምን ፊቴ?

በወሩ አዙዝ አዲስ ራውተር ገዛና ማስተካከል አቃተው። አንድ ቀን በኋላ በር መጥቶ፣ ሳያፍር፣ «አንቺ ከሷ ተምረሻል አይደል? ነይ እስቲ ከየት እንደምትጀምር አሳዪኝ» አለኝ። «ማ አድሪ» አልኩት። ያን ጊዜም ያንኑ ቃል ነበር የነበረኝ። ዕቃውን በቪዲዮ «የማይረባ» ብሎ ሰደበው፤ ሰው ሁሉ አመነው።

ሰዓዳ ኮምቦልቻ ሁለት ዓመት ተቀመጠች። ስልክ መጠገኛ ሱቅ ልትቀጠር ሞክራ «ሴት ምን ታውቃለች» አሏት ሲባል ሰምቻለሁ። በአሻራዋ የተነሳ በሕጋዊ መንገድ መሄድ ስላልቻለች በባሕር ወደ ሳውዲ ተነሳች። ቀሪውን ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ያን ቀን፣ ብርጭቆውን ጨርሼ፣ የእህቷን የሐያትን ስልክ ከግሩፑ አውጥቼ ደወልኩ። ሰዓዳን በሕይወት ሳለች አንድ ቀን ይቅርታ ያላልኩ፣ ለቅሶ ልደርስ።

«ሐያት፣ ብርቱካን እባላለሁ፣ ከኩዌት ነው…»

አላስጨረሰችኝም። «ብርቄ! አንቺ ነሽ? ወይኔ እህቴ!» ብላ ጮኸች። ከኋላዋ የለቅሶ ቤት ድምፅ ይሰማል። «ሁሉም ሲክዳት አንቺ ብቻ ነሽ የተናገርሽላት። እዚህ ሰፈር ያልነገረችው ሰው የለም። ‘ብርቄ ማዳሞቹ ፊት ቆማ እሱ ነው የሰጣት አለች፣ እነሱ አልሰማ አሏት እንጂ’ ትል ነበር። አላህ ይስጥሽ።»

ያኔ በሞተችው ተናደድኩ። በሰዓዳ! ምነው በረገመችኝ፣ ምነው ስሜን ጠርታ በሰደበችኝ! የሰማችውን ሰምታ፣ አገሯ ገብታ ለኔ ስም ሠራችልኝ? ማን ለምኗት?

«ሐያት፣ ውሸት ነው» አልኳት። «አልተናገርኩላትም። አላውቅም ነው ያልኩት። እሷም እየሰማችኝ ነው ያልኩት።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መጣች።

«እናቴ ከሰገደች በኋላ ከልጆቿ ቀጥላ ላንቺ ነው ዱዓ የምታደርገው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በስምሽ። አሁን ስምሽን ስጠራ ሰምታ ላመስግናት ብላ እጇን ዘርግታለች፣ ስልኩን ልሰጣት ነው። ለሷ እንዳትነግሪያት።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ተንኳኳ። የደከመ፣ ለቅሶ የዘጋው የአሮጊት ድምፅ መጣ።

«ብርቄ፣ ልጄ?»

«አቤት እማማ» አልኳት።